ለዓሣ ቤት የሚሆን አሸዋ

አሸዋ የተራራ ድቃቂ ነው። ከደብረ ሲና ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በ35 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ይህን በዐይኑ ሊያይ ይችላል። በላይ፥ በጣርማ በር፥ ድንጋዩ ገደል ሆኖ ቆሞአል፤ ዝቅ ሲል ገደሉ ተሰባብሮ ቋጥኝ ሆኖአል፤ ከዚያ በታች ቋጥኙ ጠጠር፥ ጠጠሩም አሸዋ ሆኖ በሮቢ ወንዝ ውስጥ ተነጥፎ ይገኛል። ደገኛው ጋቢውን ተከናንቦ የሚያየው ድንጋይና ቆለኛው በፀሐይ ሐሩር በአካፋ የሚዝቀው አሸዋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ትምህርት የምንናገረው ግን ስለ ቤት መሥሪያ አሸዋ አይደለም። በመስተዋት ሣጥን ዓሣ ማኖር የሚወድ ልጅ በሣጥኑ ታች የሚነጥፈውን አሸዋ እንዴት እንደሚመርጥና እንዴት እንደሚያሰናዳ እንነግረዋለን። በትልልቅ ከተሞች ይህን አሸዋ ታጥቦና ተመዝኖ በገንዘብ የሚገዛ ሰው አለ። የይፋት ልጅ ግን አሸዋ በደጁ ስላለ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። በገንዘብ ያልተገዛው ነገር በድካም ይገዛል። ድካሙን የሸሸ ልጅ ዋጋውን ራሱ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ዓሣው ነው። በግ ቢታመም ይጮኻል፥ ላም ብትታመም ታገሣለች፤ ዓሣ ግን ታምሜአለሁ ብሎ ድምፁን አያሰማም። ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ሲገኝ ብቻ ነው ሰው የሚያውቀው።

እንግዲህ አስቀድመን የአሸዋውን ዘር እንወቅ። የደብረ ሲና ተራራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ ከወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ብዙው ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስለ ምድር ድንጋይ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኘው ባዛልት አንዱን ወገን በዚሁ ቦታ ስም የጣርማ በር ባዛልት ብለው ሰይመውታል። ጣልያኖች አገራችንን ወርረው በነበሩበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የመኪና መንገድ ለማሳለፍ ይህን ተራራ በስተው ዋሻ አበጁበት። በዚያ ዋሻ ያለፈ ልጅ በአሸዋው እናት ሆድ ውስጥ አልፎአል ማለት ነው።

ይህን ድንጋይ ቀን ፀሐይ ያሞቀዋል፥ ሌሊት ቁር ያቀዘቅዘዋል፥ በክረምት ዝናብ ይገባበታል፤ ስለዚህ እየተሰነጠቀ ይፈርሳል። አንዳንድ ጊዜም ተራራው በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይናዳል። በ1998 ዓ.ም. በመስከረም ወር በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤት አፍርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅሎአል። የፈረሰውንም የተናደውንም ሁሉ ጎርፍ ይቀበለዋል። ጎርፉ ከባዱን ከላይ ይተወዋል፥ ቀላሉን ወደ ታች ይወስደዋል፤ በሄደም ቁጥር ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር እያፋጨ ስለቱን ያዶለዱመዋል። ሮቢም ጀውሃም አታዬም የሚወርዱት ወደ አዋሽ ነው። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የደብረ ሲና አሸዋ ባሕር አያይም። ይህን የተናገርነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙን ወደ ፊት ታገኙታላችሁ።

ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ማኖር በእኛ አገር ገና ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው። ፈረንጆች ሣጥኑን አኳሪየም ይሉታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 ገደማ ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችን በትልቅ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ አኑሮ ምን እንደሚሆኑ ተመለከተ። በዕቃው ታች አሸዋና ጭቃ ከድንጋይ ጋር አድርጎ የውኃ ተክል ተከለበት። የተክሉ ቅጠል በስብሶ ውኃውን ባበላሸው ጊዜ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት፤ እነርሱም የበሰበሰውን በሉት። እንዲህም ሆኖ ዓሣው፥ ተክሉና ቀንድ አውጣው እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ ኖሩ። በ1853 ደግሞ ሕዝብ እየገባ የሚያየው የዓሣ ቤት በለንደን የአራዊት ማኖሪያ ተከፈተ።

ዋሪንግተን አሸዋ ያነጠፈው ተክሉ ሥር እንዲይዝበት ነበር። አሸዋ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ይህም ሥራ በዐይን አይታይም። ዓሣ በሚኖርበት ውኃ ውስጥ ከዓሣው ከራሱ የሚወጣው ቆሻሻና ሳይበላ የተረፈው ምግብ አሞንያ የሚባል መርዝ ይሆናል። በወንዝ ይህ መርዝ በብዙው ውኃ ተበርዞ ይሄዳል። በሣጥን ግን ወዴት ይሄዳል? በአሸዋው ቅንጣት ሁሉ ላይ ባክቴሪያ የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ሕያዋን ይሰፍራሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አሞንያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ይህም ገና መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ እርሱን ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬትም እጅግ ካልበዛ ዓሣን አይጎዳም። ይህን የባክቴሪያ ሥራ ገልጦ ያስረዳው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባል ሩሲያዊ ሊቅ ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1890 ገደማ ነበር። ስለዚህ አሸዋ ለዓሣ ቤት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቆሻሻን የሚያጠፉ የብዙ ሺህ ሠራተኞች ሰፈር ነው። በመርዝ ወይም በጭቃ የተበላሸ አሸዋ ያነጠፈ ልጅ እነዚህን ሠራተኞች ቤት ነሥቶአቸዋል።

አሁን አሸዋው ከወዴት ይመጣል? ልጅ ለብቻው ወደ ወንዝ ወርዶ አሸዋ መዛቅ አይገባውም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው ደራሽ ውኃ ነው። በሮቢት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ሳለ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ ድንገት እያጉረመረመ ይመጣል። ከወንዙ ውስጥ የቆመ ሰው ዳመና ስላላየ ሳይጠረጥር ይያዛል። ደራሽ ውኃ ላም ከነጥጃዋ፥ ግንድ ከነሥሩ ጠርጎ የሚሄድ ነው፤ ልጅ ሊቋቋመው አይችልም።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ነው። ይህ በሽታ በሸዋ ሮቢት አካባቢ መኖሩን የጤና ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የበሽታው ትል ከፊሉን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በውኃ ዳር በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከእርስዋ ወጥቶ በውኃው ሲዋኝ በዐይን አይታይም፤ ውኃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና በደም ሥር ውስጥ ያድጋል። ቁርጥማት ያለበት፥ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ብዙ ዘመን ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። ስለዚህ ዋሪንግተን ቀንድ አውጣ ጨምሮ ነበርና እኛም ከወንዝ ቀንድ አውጣ እናምጣ የሚል ልጅ ቢኖር፥ አይሆንም በሉት።

ስለዚህ ነገር ከተናገርን ዘንድ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም ብዙ መርምረው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። እናቶቻችን በየቀኑ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ሌላው ሁሉ አይቶ አለፈ፤ እርሳቸው ግን ቆም ብለው ለምን አሉ። እንዶድ ግን ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ የሚገድል አይደለም፤ ዓሣንም ይገድላል። ይህን ያዙ፤ ወደ እጥበቱ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ወደ ወንዝ ካልወረድን አሸዋውን የምናገኘው ሰው ቤት ከሚሠራበት ስፍራ ነው። ከሮቢት በመኪና የመጣ አሸዋ በየመንደሩ ተከምሮ ይታያል። አሸዋው ምንም ቢበዛ ባለቤት አለው። ባለቤቱንም በአክብሮት፦ «አባባ፥ ለዓሣ ቤት የሚሆን አንድ ባልዲ አሸዋ ይስጡኝ» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድ ባልዲ አሸዋ የሚከለክል ሰው ጥቂት ነው፤ ሳይጠየቅ የተወሰደበትን ግን የሚወድ የለም። ደግሞም የጠየቀ ልጅ አሸዋውን ብቻ ሳይሆን ምክርም ያገኛል፤ አሸዋው ከየትኛው ወንዝ እንደ መጣ፥ መቼ እንደ ተራገፈ፥ ሲሚንቶ ከአጠገቡ ተቦክቶ እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚችለው ከባለቤቱ ወይም ከግንበኛው ነው።

ስለ ሲሚንቶው መጠየቅ እጅግ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ነው፤ አዲስ ሲሚንቶ ሲርስ ውኃውን እንደ አመድ ውኃ ያከርረዋል፥ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል። ስንጥብ ማለት ዓሣ የሚተነፍስበት፥ ከራሱ ግራና ቀኝ ያለው ቀይ ነገር ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ከተራገፈበትና ከተቦካበት ስፍራ አጠገብ ያለውን አሸዋ ተዉት። የመኪና ዘይት የፈሰሰበትን፥ ከብት የተኛበትን፥ ድመት የቆፈረችውንም እንዲሁ ተዉት። ከክምሩ ከላይ ያለውን ጥቂት ገፍታችሁ ከመካከሉ ውሰዱ።

አንድ እፍኝ አሸዋ ወስዳችሁ ጥቂት ውኃ አርከፍክፉበትና በመዳፋችሁ ጨብጡት። ከዚያ እጃችሁን ከፍታችሁ አራግፉ። መዳፋችሁ በጭቃ ተለውሶ ከቀረ አሸዋው ደለል የበዛበት ነው። ግንበኞችም አሸዋ ሲገዙ እንዲህ ያደርጋሉ። ከዚህ የበለጠ ለማወቅ የፈለገ ልጅ ሲሶው በአሸዋ እስኪሞላ ድረስ በጠርሙስ ውስጥ ይጨምር፤ በላዩ ውኃ ይሙላበት፥ አንድ ቁንጥር ጨውም ይጨምርበት፤ አፉን ከድኖ ደኅና አድርጎ ከመታው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሳይነካ ያስቀምጠው። አሸዋው ከባድ ስለ ሆነ ወዲያው ይወርዳል፤ ደለሉ በላዩ እንደ ቅባት ይነጠፋል፤ ከሁሉ የደቀቀው ሸክላ አፈር ግን ገና ተንሳፍፎ ውኃውን እንዳደፈረሰው ይቆያል። እንግዲህ በማስመሪያ ለኩት። ለሕንጻ የሚሆን አሸዋ እንኳ ደለሉ ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ ይባላል። ለዓሣ የሚሆነውማ ምን ያህል መጥራት አለበት!

ሁለተኛው ፈተና የሆምጣጤ ነው። አስቀድማችሁ የእንቁላል ቅርፊት በብርጭቆ አድርጉና ሆምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ አፍስሱበት። በቅርፊቱ ላይ ደቃቅ አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። የእንቁላል ቅርፊትም፥ የቀንድ አውጣ ቤትም፥ የባሕር ዛጎልም፥ የኖራ ድንጋይም ሁሉ ዘራቸው አንድ ስለ ሆነ በሆምጣጤ እንዲህ ይፈላሉ። አሁን በሌላ ብርጭቆ ጥቂት ደረቅ አሸዋ አድርጋችሁ ሆምጣጤ ጨምሩበት። አረፋ ብዙ ከወጣ አሸዋው ኖራ አለበት፤ እንዲህ ያለው አሸዋ በውኃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ውኃውን ያከርረዋል። ምንም ካልፈላ ግን ደስ ይበላችሁ። በሙገርና በጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ስላለ የዚያ አገር ልጅ ይህን ፈተና መዝለል የለበትም። የእናንተ አሸዋ ግን ከባዛልትና ከመሰሎቹ የተወለደ፥ የባሕር ዛጎልም ያልተቀላቀለበት ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ አይፈላም። ባሕር አላየም ያልነው ስለዚህ ነበር። ከክምሩ ወስዳችሁት ቢፈላ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ነክቶታል ማለት ነውና ተዉት።

ማግኔት ያለው ልጅ ካለ በወረቀት ጠቅልሎ በደረቁ አሸዋ ላይ ያሳልፈው። ጥቁር ደቃቅ ቅንጣቶች እንደ ጢም ተሰብስበው ይጣበቁበታል። ይህ ከባዛልቱ የወጣ የብረት ማዕድን ነው፤ ዓሣውን አይጎዳም። ለመምረጥ የሚጠቅም ፈተና አይደለም፤ ነገር ግን ተራራው ብረት እንዳለበት በገዛ እጅ አይቶ ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ስለ ቅንጣቱ መጠን ከቤታችን መስፈሪያ እንውሰድ። ለዓሣ ሣጥን የሚሆን አሸዋ ከጤፍ ያላነሰ፥ ከሰናፍጭ ያልበለጠ ይሁን። ከጤፍ ያነሰው ዱቄት ሆኖ ይረጋና አየር አያሳልፍም። እንደ ሽምብራ የሚያክለው ጠጠር ደግሞ በመካከሉ ክፍተት ስላለው የዓሣው ምግብ ገብቶ ይቀርበታል፥ እዚያም ይበሰብሳል። ስለዚህ አሸዋውን በሽቦ ወንፊት ንፉ። የእናታችሁን የዱቄት ወንፊት ግን አትንኩ፤ ለዓሣ ብላችሁ የቤቱን እንጀራ አሸዋ አታድርጉት። የወባ ትንኝ እንዳይገባ በመስኮት ላይ ከሚደረገው ሽቦ የተረፈ ቁራጭ በእንጨት ላይ ቢወጠር ይበቃል።

ቅርጹም ይታያል። ጥቂት አሸዋ በሁለት ጣት መካከል አሹት፤ የሚወጋ ከሆነ ለዓሣውም ይወጋዋል። አምባዛን የመሰለ ዓሣ በአፉ ዙሪያ እንደ ጢም ያለ ነገር አለው፤ ምግቡን የሚፈልገው በእርሱ አሸዋውን እየዳሰሰ ነው። ስለታም አሸዋ ያን ጢም ያቆስለዋል። ከደብረ ሲና ገደል ሥር የተዛቀ አሸዋ ገና ብዙ መንገድ ስላልሄደ ስለቱ አልሞተም፤ በሮቢት የተገኘው ግን ወንዙ ስላፋጨው ይሻላል። ለመንገድ የሚነጠፈው ቀይ አሽም ስለታም ስለ ሆነ አይጠቅምም።

አሁን ወደ እጥበቱ ደርሰናል። ሁለት ልጆችን በልባችን እናስብ። ሁለቱም ከአንድ ክምር አንድ አንድ ባልዲ አሸዋ ወሰዱ። የመጀመሪያው አሸዋውን በባልዲው እንዳለ ውኃ ሞልቶ አንድ ጊዜ አማሰለው፥ ደፋው፥ ጨረስሁ አለ። በዚያው ቀን ሣጥኑን ሞልቶ ዓሣዎቹን አገባ። ውኃው ቡና መሰለ። በማግሥቱም ቡና እንደ መሰለ ነበር፤ ዓሣዎቹ በስንጥባቸው ጭቃ ገብቶ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ስለዚህ ሣጥኑን ደፍቶ፥ አሸዋውን አውጥቶ፥ ሁሉን እንደ ገና ሊጀምር ግድ ሆነበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው፤ የፈሰሰው ግን እህል ሳይሆን ነፍስ ያለው ፍጥረት ነበር።

ሁለተኛው ልጅ ከባልዲው ሩቡን ብቻ አሸዋ አደረገ። ውኃ ጨመረበት፥ እጁን እስከ ታች አግብቶ እንደ ሊጥ አሸው፥ እስከ አሥር ቆጠረ፥ ከዚያም የደፈረሰውን ውኃ ቀስ ብሎ አፈሰሰው። የሚንሳፈፈው እንጨት፥ ቅጠልና ቀላል ድንጋይ አብሮ ወጣ። በደብረ ሲና ቆሎ የሚሸጡ እናቶች ገብሱን ከመቁላታቸው በፊት እንዴት አድርገው እንደሚለቅሙትና እንደሚያበጥሩት አይታችኋል፤ ይህም ልጅ እንዲሁ አደረገ። አምስት ጊዜ ደገመ፥ አሥር ጊዜም ደገመ፥ እስከ አሥራ አምስትም ደረሰ። መጨረሻ ጊዜ ውኃው እንደ ጠራ ያወቀው በብርጭቆ ነው። ከታጠበው አሸዋ ጥቂት ወስዶ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አማሰለና፥ አሸዋው ሲወርድ የማንበቢያ መጽሐፉን ከብርጭቆው ኋላ ያዘ። ፊደሉ ደኅና ሆኖ ከታየው በቂ ነው፤ ከደበዘዘበት ገና ነው። እናንተም በዚሁ ገጽ ልትፈትኑ ትችላላችሁ፤ መጽሐፉን ብቻ ከውኃው አርቁ።

ውኃ ከቦኖ በሸክም በሚመጣበት ቤት ይህ ሁሉ እጥበት ከባድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው እጥበት ጥሩ ውኃ አታባክኑ፤ የልብስ ማጠቢያ ውኃ ሳይሆን፥ ካለፈው አሸዋ የወጣውን የረጋ ውኃ መልሳችሁ አድርጉት፤ ንጹሑን ለመጨረሻው አቆዩ። የደፈረሰውንም በጓሮ አትክልት ላይ አፍስሱት፤ ደለል ለእርሻ መልካም ነው። በወንዝ ውኃ ግን አትጠቡ። ሳሙና፥ ኦሞ፥ በረኪና አታስነኩት። በእንዶድ ልብስ የታጠበበትን ገንዳም ተዉት፤ ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ ያዩትን አስቡ። ዓሣ ለማስከር የሚወቀጠው ብርብራ የገባበት ዕቃም እንዲሁ ነው።

የታጠበውን አሸዋ ትልቅ ሰው የፈላ ውኃ ያፍስስበት። ይህን ሥራ ልጅ ለብቻው አያድርገው። አሸዋን በድስት ጥዶ ማፍላትም አይመከርም፤ ከታች የታመቀው እንፋሎት ድንገት ፈንድቶ የጋለ አሸዋ ይረጫልና። ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ቆርቆሮ ላይ በስሱ ተዘርግቶ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው። ደርቆ ሳለ በላዩ ነጭ ነገር እንደ ጨው ቢወጣበት ጨዋማ ነውና እንደ ገና ይታጠብ።

ምን ያህል አሸዋ ያስፈልጋል? ሒሳብ የተማረ ልጅ ሳይገምት ያውቀዋል። ሣጥኑ በርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር፥ በወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ አሸዋውም 4 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ ቢባል፥ 60 በ30 በ4 ሲባዛ 7,200 ይሆናል፤ ይህም 7 ሊትር ከሁለት አሥረኛ ነው። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ስለሚመዝን ሁሉ በሁሉ 11 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከታጠበና ከተነፋ የሚጎድለውን አስባችሁ ጥቂት ጨምራችሁ ውሰዱ። የሣጥኑ ውኃ በከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከአሸዋው ጋር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናልና የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የማይነቃነቅ ይሁን።

አሸዋውን በኋላ በኩል 5፥ በፊት በኩል 3 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አንጥፉት፤ ቆሻሻው ወደ ፊት ተንሸራቶ ስለሚሰበሰብ ለማውጣት ይቀላል። ከዚህ የበለጠ አታወፍሩት። ወፍራም አሸዋ ከታቹ አየር ያጣል፥ ይጠቁራል፥ እንደ ገማ እንቁላልም ይሸታል። በአሸዋው መካከል ሳሕን አስቀምጡና ውኃውን በሳሕኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ይደር።

እንግዲህ ሁሉ ተሰናዳ፤ ዓሣው ግን ገና ነው። ውኃው ሲጠራ ጥቂት ዓሣ፥ አንድ ወይም ሁለት፥ ይግባ። በአሸዋው ላይ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ምግቡ እጅግ ያነሰ ይሁን፤ ውኃውም በየጥቂቱ ቀን ከፊሉ ይለወጥ። አሸዋውን ለማጽዳት የሚወድ ልጅ ሁሉንም አውጥቶ አይጠበው፤ ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ቀን ያጠፋቸዋልና። በላዩ ያለውን ቆሻሻ ብቻ በጎማ ቱቦ ከውኃው ጋር ያውርደው።

ደብረ ሲና ብርድ ስለ ሆነ ለዚያ አገር ልጅ ብርድ የሚችለው ወርቃማ ዓሣ ይስማማዋል፤ ጋፒ የሚባለው ትንሹ ዓሣ ግን ሙቀት ይወድዳልና ለሮቢት ልጅ ይሁን። ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ቢበዛባችሁ ወደ ሮቢ ወንዝ አትልቀቁት። የወንዙ ዓሣዎች ቀድመው የኖሩበት ቤታቸው ነው፤ ባዕድ ዓሣም በሽታ ይዞ ሊገባባቸው፥ ምግባቸውንም ሊሻማባቸው ይችላል።

ሰፊ ሣጥን ወይም ኩሬ ያለው ሰው ቆሮሶ ቢያኖር አሸዋውን ለምን እንደ ደከመበት ያያል። ወንዱ ቆሮሶ እንቁላል የሚጣልበትን ጉድጓድ በአፉ አሸዋ እየዛቀ ይቆፍራል፤ ዘግኖ ወስዶ ከዳር ይተፋል፥ ተመልሶ ደግሞ ይዘግናል። ሴቲቱ በጉድጓዱ እንቁላልዋን ጥላ በአፍዋ ትሰበስበዋለች፤ ልጆቹ ተፈልፍለው መዋኘት እስኪችሉም ድረስ በአፍዋ ትይዛቸዋለች። በዚያ ወራት ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። አልበላ አለች ብላችሁ ምግብ አትጨምሩባት፤ ሳይበላ የቀረው ወርዶ በታጠበው አሸዋ ላይ ይበሰብሳልና።